ቀፎው ሳይበሳ የዓባይን ወለል ማድመጥ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ግንዱ የት እንደሚደርስ ግን ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም። ከጣና ተነሥቶ የጎጃምን፣ የወሎን፣ የሸዋንና የወለጋን ወንዞች የሰበሰበው ጥቁር ዓባይ ካርቱም ሲደርስ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ተንቀራፎ ከሚመጣው ነጭ ዓባይ ጋር በቱቲ ደሴት አጠገብ ይገናኛል። በክረምት ከግንዱ ጋር አፈርም ይዞ ስለሚወርድ ውኃው ይደፈርሳል፤ ደለሉም ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እየተከመረ የአሸዋ ጉብታ ይሠራል። ደለሉ በግድቦች ሲገታም ጠራ ያለው ውኃ በበኩሉ ወለሉን ይቦረቡረዋል። ስለሆነም አምና ጥልቅ የነበረው መተላለፊያ ዘንድሮም ጥልቅ ነው ብሎ ማመን ለጀልባ ነጂ አደገኛ ነው።

በካርቱም ጀልባ የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ ኦምዱርማንን ከሰሜን ካርቱም ያገናኝ የነበረው የሸምባት ድልድይ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ድልድይ በፈረሰበት ወንዝ ዳር ልጇን አዝላ ለቆመች እናት መሻገሪያዋ ጀልባ ነው። እንግዲህ «ከበታቻችን ስንት ሜትር ውኃ አለ?» የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የጥልቀት መለኪያ መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ትራንስዲዩሰር የተባለው ክፍል ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ የገደል ማሚቶውንም መልሶ ይቀበላል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማሚቶው ከአንድ ሴኮንድ ሺህኛ እጅ በ4ቱ ከተመለሰ፣ ድምፁ ደርሶ መልስ 6 ሜትር ተጉዟል ማለት ነው፤ ጥልቀቱም 3 ሜትር ነው።

ይህን ክፍል ከጀልባው ውጭ መስቀል ይቻላል፤ ሆኖም ግንድ ይዞ የሚዞር ወንዝ ሊገነጥለው ይችላል። ቀፎውን በስቶ ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን በሚገባ ያልታሸገ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል። ጀልባው ከፋይበርግላስ የተሠራ ከሆነ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ትራንስዲዩሰሩን ከውስጥ በኩል በቀፎው ወለል ላይ ማጣበቅ ነው። ድምፁ ድፍኑን ፋይበርግላስ አልፎ ይሄዳል። በመካከሉ ፎም ወይም ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት ካለ ግን በውስጣቸው ያለው አየር ድምፁን ያስቀረዋል።

ቀፎው ድፍን መሆኑን እንዴት እናውቃለን? እዚህ ላይ የቤት እመቤቶቻችን ከእኛ ይልቅ ሊቃውንት ናቸው። እንስራ ወይም ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ጤነኛውን ከተሰነጠቀው ይለያሉ። የቀፎውም ምርመራ እንዲሁ ነው። በመዶሻ እጀታ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ድፍን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ግን ያጠራጥራል።

ቦታውም ከኋላ በኩል፣ ለጀልባው አከርካሪ ቀረብ ያለ፣ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የሚቆይና የፕሮፔለር አረፋ የማይደርስበት ሊሆን ይገባዋል። ከማጣበቅ በፊት ውኃ የሞላ ቀጭን ላስቲክ በቦታው ላይ አኑሮ፣ ትራንስዲዩሰሩን በላዩ ጫን አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። ቁጥሩ መሣሪያው በቀጥታ ውኃ ውስጥ ሲነከር ከሚያሳየው ጋር ከተቀራረበ ቦታው ተስማሚ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥፍራው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቅባቱ ጸድቶ፣ በሚገባ ይደርቃል። ኢፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ በዝግታ ይማሰላል። እኛ በመጀመሪያ ሙከራችን ቸኩለን እንደ ዕንቁላል መታነው፤ አየር ገባበት። ጀልባው ወንዝ ሲወርድ መሣሪያው አንዴ 2 ሜትር፣ አንዴ 9 ሜትር፣ አንዴም ባዶ መስመር አሳየን። ፍቀን አንሥተን እንደገና ጀመርን። በሁለተኛው ጊዜ ትራንስዲዩሰሩን ቀስ ብለን እያዞርን ተጫንነው፤ አረፋው በጠርዙ ወጣ። ጀልባው ሳይነቃነቅ አንድ ቀን ሙሉ አሳደርነው።

ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱምቢ በገመድ አስረን፣ ገመዱን በየሜትሩ ቋጥረን ወደ ውኃው ለቀቅነው። መሣሪያው የሚለካው ከውኃው ገጽ ሳይሆን እርሱ ካለበት ሥፍራ በመሆኑ፣ ከውኃው ገጽ በታች ያለውን ልዩነት ደመርንበት። ፕሮፔለሩ ከመሣሪያው 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚሽከረከር ከሆነም፣ ከሚታየው ቁጥር ላይ 40 ሳንቲ ሜትር መቀነስ እንዳለበት ማስታወሻ ጽፈን ከመሪው አጠገብ ለጠፍን። ከቀፎው ውስጥ የተጣበቀ መሣሪያ የውኃውን ሙቀት በትክክል እንደማይናገርም መታወቅ አለበት፤ የሚነግረን የቀፎውን ሙቀት ነው።

በ1980 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት ዓባይ ሞልቶ የካርቱምን ሰፈሮች አጥለቅልቋል። እንዲህ ያለው ሙላት ጎድሎ ጀልባዎች ወደ ሥራ ሲመለሱ ነጂው አስቀድሞ ቱምቢውን ይልቀቅ፤ ቁጥሩንም ያመሳክር። ምስር የምታክል የአየር አረፋ ነጂውን ልታሳስት ትችላለች። ገመድና ቋጠሮ ግን በወንዙ ዳር ለቆመችው እናትም ሆነ ለነጂው በእጅ የሚዳሰስ ማረጋገጫ ነው።