ከቅነሳ የተረፈ ሰው

ከሥራ የተቀነሰ ሰው እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል። ዘመድ ይጠይቀዋል፤ ጎረቤት ያጽናናዋል፤ ቢያለቅስም የሚነቅፈው የለም። በሥራው ላይ የቀረውን ባልደረባውን ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተ ተረፍህ» ብለው ያልፉታል። እርሱም ደስ ሊለው ሲገባ ደመወዙን ተቀብሎ ሲወጣ አንገቱን ይደፋል። ሥራው አይጥመውም፤ ጠዋት ከአልጋው መነሣት ይከብደዋል። ምን ሆንህ ቢሉት የሚሰጠው መልስ የለውም።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገችኝ በቁሓ ያገኘኋት አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። ቁሓ ዛሬ የመቀሌ አንድ ክፍለ ከተማ ትባል እንጂ የራሷ ጠባይ ያላት ከተማ ናት። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በአጠገቧ ነው፤ ወደ ውቅሮና ወደ አዲግራት የሚወስደው አውራ ጎዳና ያልፍባታል፤ ዓይኑን የታመመ ሰው ከሩቅ አገር ወደ ሆስፒታሏ ይመጣል። ማ ጋርመንትን የመሰለ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ስለ ቆመባትም የብዙ ወጣት ሴቶች እንጀራ ከስፌት መኪና ጋር የተያያዘ ነበር።

ጦርነቱ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በመቀሌና በአካባቢዋ የፋብሪካ ሥራ ቆመ፤ ባንክ፣ መብራትና ስልክም ተቋረጡ። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ተሰረዘች። ይህም ልብስ ሰፍቶ ወደዚያ ለሚልክ ፋብሪካ ሁለተኛ ዱላ ሆነ። ከዚያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ የሥራ በር ገርበብ ሲል ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። አንዷ ተጠራች፤ ሌላዋ ሳትጠራ ቀረች።

ያገኘኋት ሴት ከተጠሩት አንዷ ናት። የፋብሪካውንም ሆነ የእርሷን ስም አልጽፍም። «ስልኬ ሲጮኽ እልል ብዬ ነበር» አለችኝ። በማግስቱ ገብታ ብትቀመጥ በቀኟ በኩል ባለው መኪና ላይ ሰው የለም። በዚያ ላይ ትሰፋ የነበረችው ባልንጀራዋ አራት ዓመት አብራት የሠራች፣ በአንድ ግቢ አብራት የተከራየች፣ በአንድ ዕቁብ የገባች ሴት ናት። እጇም ከዚህችኛዋ ይልቅ ይፈጥናል። «እርሷ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ታዲያ በምን በለጥኋት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ለእርሷ ለራሷም አይገባትም። ጠዋት ባልንጀራዋ ሳትነሣ ከግቢው ትወጣ ጀመር፤ ማታም መብራቷ እስኪጠፋ ጠብቃ ትገባለች። በደመወዝ ቀን ሥጋ መግዛቷን ተወች፤ ሽታው ወደዚያኛው ክፍል እንዳይገባ። በፋብሪካው ግን የመጀመሪያውን ወር ከምሳ ሰዓቷ እየቀነሰች፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ ሠራች። በሦስተኛው ወር እጇ ዛለ። ስፌቱ እየጠመመ ተመለሰባት። አለቃዋ «ሰነፍሽ» አላት፤ እርሷም አመነችው።

እኔ ግን ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። ጆኤል ብሮክነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን ሰብስቦ የጽሑፍ እርማት አሠራቸው፤ በመካከሉም አብሯቸው የነበረው አንዱ እንዲሰናበት አደረገ። (ስንብቱ የይስሙላ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን አላወቁም።) የቀሩት ተማሪዎች ጸጸት ተሰማቸው፤ ከቀድሞው አብልጠውም ሠሩ። የሥራቸው ብዛት ጨመረ እንጂ ጥራቱ አልጨመረም። እንግዲህ የቁሓዋ ሴት የመጀመሪያ ወር ትጋት ዕዳ መክፈል ነበር። ዕዳው ደግሞ በሸሚዝ ቁጥር የሚከፈል አይደለም። ይኸው ሊቅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ነገር አስተዋለ፤ የቀረው ሰው ልቡ ከሥራው የሚሸሸው ከተሰናበተው ጋር ወዳጅነት ሲኖረውና ያ ወዳጁ ሳይካስ ሲወጣ ነው። በዚህ ዓይን ብናየው የሥራ ፍላጎት ማጣቷ ከታማኝነቷ የመጣ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣት ሹማምንት መካከል ነገ የቅነሳ ዝርዝር የሚያዘጋጁ ይኖራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በቅነሳ ጊዜ ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ከተወካዮቻቸው ጋር እንዲመክር፣ ችሎታና ምርታማነት እንዲመዘን ያዛል፤ ለሚቀነሰውም ከተለመደው የስንብት ክፍያ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ እንዲጨመርለት ይደነግጋል። በጦርነት የቆመ ፋብሪካ ጉዳይ የራሱ ጣጣ አለው፤ በሌላው ቦታ ግን ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ በጓሮ በር መውጣት አስተዳደር አይባልም። ማን በምን ምክንያት እንደ ቀረ የማይነገረው ሠራተኛ ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ የሚፈርድ ነው።

ለቀረው ሰው «ዝርዝሩን የጻፍኸው አንተ አይደለህም» ማለት ይቀላል። የቁሓዋም ሴት ይህን ታውቅ ነበር፤ አልረዳትም። የረዳቻት ባልንጀራዋ ናት። አንድ እሑድ ጀበናዋን ይዛ በሯን አንኳኳችና «ሓፍተይ፣ ሥራዬን ማጣቴ አንሶ አንቺንም ልጣ?» አለቻት። ሓፍተይ በትግርኛ እኅቴ ማለት ነው። ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ለካስ ባልንጀራዋን ያስከፋት የደመወዙ ነገር አልነበረም፤ ከበሯ ፊት በጣቷ ጫፍ እየረገጠች የምታልፍ ጓደኛ ነበረች።

አሁን የባልንጀራዋን የዕቁብ መዋጮ ግማሹን እርሷ ትከፍላለች፤ ዕጣው ሲወጣ ለመተካት ተስማምተዋል። ያችኛዋም ባሮጌ መኪና የሰፈሩን ልብስ መጠገን ጀምራለች፤ ገበያው ደካማ ነው። የፋብሪካ ሥራ ደስ ይልሽ ጀመር ወይ ብዬ ብጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። አንዳንድ ቀን ደስ ይላታል፤ አንዳንድ ቀን ስፌቱ ዛሬም ይጠማል። በቀኟ በኩል ባለው መኪና ላይ ገና ሰው አልተቀመጠም።

«ጠዋት ስገባ አቧራውን እጠርግለታለሁ» አለችኝ።