ቀለም በቀለም ላይ፦ የጠረጴዛ ጦርነት ምስሎችና የመቅደላ ዙሪያ የሥዕል ቅርስ

የጠረጴዛ ጦርነት በሚባለው የጨዋታ ዓይነት ተጫዋቾች ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ የወታደር ምስሎችን ሰው ሠራሽ ኮረብታና ፍርስራሽ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋሉ፤ የእያንዳንዱን ጓድ ጉዞ በመለኪያ ሜትር ይለካሉ፤ ተኩሱ መምታት አለመምታቱን ደግሞ ዳይስ ጥለው ይወስናሉ። የጨዋታው መነሻ ወታደራዊ ትምህርት ሲሆን፣ በፕሩሲያ ራይስቪትስ የተባሉ አባትና ልጅ በ1812 እና በ1824 ያቀረቡት የጦር ጨዋታ ለመኮንኖች ሥልጠና ውሏል (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚደረገውን ውጊያ ለቤት ውስጥ መዝናኛነት አበቃው፤ በ1975 የተመሠረተው የእንግሊዙ ጌምስ ዎርክሾፕ ኩባንያ ደግሞ በ1987 ዋርሀመር 40,000 የተሰኘውን፣ በሩቅ ዘመን ከዋክብት መካከል የሚካሄድ የሳይንስ ልብ ወለድ ጦርነት ይዞ ብቅ አለ። የዚህ ጨዋታ ተከታይ ግማሹን ጊዜውን የሚያጠፋው በመጫወት ሳይሆን ምስሎቹን በመቀባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሰሌዳ ላይ ጦር ማሰለፍ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሰንጠረዥ በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ዘንድ የተወደደ ጨዋታ የነበረ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር በዘመኑ የነበሩ እንግሊዛውያን ጽፈዋል። በኢትዮጵያው ሥርዓት ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ የየራሳቸውን ጦር በፈቀዱት ፍጥነት ያሰልፉ ነበር። የሰንጠረዥ ጠጠር ግን ቅርጹ እንጂ ቀለሙ ትኩረት የሚስብ አልነበረም፤ ስለዚህ የጠረጴዛውን ወታደር አቀባብ ከአገር ልማድ ጋር ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ከጨዋታው ይልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሄድ ይኖርበታል።

አንድ የጨዋታ ምስል ከፋብሪካ ሲወጣ ፖሊስቲሪን ከተባለ ፕላስቲክ፣ ከሬዚን ወይም ከነጭ ብረት ቅይጥ የተሠራ አንድ ወጥ ግራጫ ነገር ነው። የተለመደው መጠን 28 ሚሊ ሜትር ሲሆን ልኬቱ በአብዛኛው ከእግር ጫማ እስከ ዓይን ድረስ ይወሰዳል። መጠኑ ለሠዓሊው ልዩ ችግር ይፈጥርበታል። የእውነተኛ ሰው ልብስ እጥፋት ጥልቅ ስለሆነ ብርሃን አይደርስበትም፣ በራሱም ጥላ ይጥላል፤ በምስሉ ላይ ያለው ያው እጥፋት ግን ጥልቀቱ ከፀጉር ውፍረት ብዙም ስለማይበልጥ የክፍሉ ብርሃን ሁሉንም እኩል ያጥበዋል። ምስሉ በአንድ ወጥ ቀለም ቢቀባ ከአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ ዓይኑም ጥሩሩም ተደበላልቆ ቅርጽ አልባ ይሆናል። በመሆኑም ሠዓሊው ያልተፈጠረውን ጥላና ብርሃን ራሱ በቀለም መፍጠር ይገባዋል፤ የድርብርብ ቀለም አቀባብ የተባለው ዘዴ በሙሉ የዚህ ችግር መልስ ነው።

አሠራሩ ምስሉን ከቅርጽ ማውጫው የቀረውን ጭረት በስለት ከማጽዳትና ፕራይመር የሚባለውን መነሻ ቅብ ከመቀባት ይጀምራል፤ ፕራይመሩ ቀለም በለስላሳው ፕላስቲክ ላይ እንዲይዝ ያደርጋል። የአንድ የጠፈር ወታደር ሰማያዊ የትከሻ ጥሩር ለምሳሌ ቢወሰድ፣ መጀመሪያ ሙሉው ትከሻ በጥቁር ሰማያዊ መሠረት ቀለም ይሸፈናል፤ ቀጥሎ ውኃ የበዛበት ጠቆር ያለ ቀለም ይፈስበትና በራሱ ወርዶ በየስንጥቁና በየመጋጠሚያው ይጠራቀማል። ሲደርቅ ሠዓሊው ወደ መሠረት ቀለሙ ይመለሳል፤ ነገር ግን ስንጥቁን ለጥላ ትቶ ከፍ ያለውን ገጽ ብቻ ይቀባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ድርብ ከቀደመው ጥቂት የነጣና በስፋቱ ያነሰ ሆኖ ወደ ትከሻው አናት ይጠጋል፤ መጨረሻ ላይ በጣም የነጣው ሰማያዊ በቀጭን ቡሩሽ ጫፍ የጥሩሩን ጠርዝ ብቻ ተከትሎ እንደ ክር ይሰመራል። ቀለሙ በውኃ መቅጠን አለበት፤ ወፍራም ቀለም በእያንዳንዱ ድርብ ላይ እየተከመረ ቀራጺው የለፋበትን ዝርዝር ይደፍናል። ሁለት ቀጫጭን ድርብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል የሚለው ምክር በዚህ ሙያ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነገረውም ለዚህ ነው።

ዘዴውን የሚያቃልሉም የሚያራቅቁም ሌሎች መንገዶች አሉ። ቡሩሹን አድርቆ በጉብታዎች ላይ ማሸት ፈጣኑ ሲሆን ውጤቱ ግን ሻካራ ነው፤ ብርሃን አሳላፊ ቀለምን ደጋግሞ በማልበስ ድንበሩን ማጥፋት ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ለውድድር የሚሠሩ ሰዎች የሚመርጡት ነው። ጌምስ ዎርክሾፕ በ2019 ያወጣቸው፣ በአንድ ቅብ ጥላና ብርሃን ይሰጣሉ የተባሉ ቀለሞች ብዙ ሠራዊት ላለው ሰው በእርግጥ ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን ጥላው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው የቀለሙ ፍሰት እንጂ የሠዓሊው እጅ ስላልሆነ፣ ለአንድ የጦር አዛዥ ምስል ድርብርቡ አሁንም የሚተካ አይመስልም።

ቀለምን በቀለም ላይ እየደረቡ መሥራት በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ1280/81 ጀምሮ የሚታወቅ፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራ ባለ ሥዕል ወንጌል አለው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ደግሞ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ስሙ የተጻፈበት ሥዕል ትቷል። የእንጨት ሥዕል ሲሠራ ገበታው በጀሶና በሙጫ ይለሰናል፤ በላዩ ንድፉ ይነሣል፤ ከዚያ ልብሱም ፊቱም መደቡም በየራሱ ወጥ ቀለም ይሞላል፤ እጥፋቱና የፊቱ ጥላ በተከታይ ድርብ ይመጣሉ፤ በመጨረሻም ጥቁሩ መስመር ሁሉንም ይከብባል። ለግድግዳ ሲሆን ሥዕሉ በብዛት በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃን ደብዛዛ ነው፤ በመቅደሱ ግድግዳ ከፍታ ላይ ያለውን ሥዕል ምእመኑ ከቅኔ ማኅሌት ቆሞ ነው የሚያየው። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ከርቀትና ከጨለማ ጋር፣ የጨዋታ ምስል ሠዓሊው ከማነስ ጋር ይታገላሉ፤ ሁለቱም ግን የተፈጥሮ ብርሃን ሥራቸውን እንደማይሠራላቸው ስለሚያውቁ ብርሃኑን ራሳቸው ይቀቡታል።

ልዩነቱ በዋናነት ከቀለሙ ማጣበቂያ ይመጣል። የዛሬው የጨዋታ ምስል ቀለም አክሪሊክ ነው፤ በውኃ ይቀጥናል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ውኃ አይፈታውም፤ ስለዚህ አሥር ድርብ ቢቀባም ታችኛው አይነሣም። በእንስሳት ሙጫ የተበጠበጠ ቀለም በተቃራኒው እርጥብ ቡሩሽ ሲያገኘው እንደገና ይለሰልሳል፤ በላዩ የሚደርብ ሰው በጥቂት ምት ቆርጦ ማሳረፍ እንጂ እያሸ ማዋሐድ አይችልም። የኢትዮጵያ ሥዕል ጥላን በማዋሐድ ሳይሆን ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች ማሳየት ማዘውተሩ የእምነትና የውበት ምርጫ ብቻ ሳይሆን ከዚህ የዕቃው ጠባይ ጋርም ይያያዛል ብሎ መገመት ይቻላል። በሥዕሎቹ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ኦርፒመንት የተባለውን አርሴኒክ ያለበትን ቢጫ ማዕድን፣ ሲናባር የተባለውን ከሜርኩሪ የሚገኝ ቀይና ከዕፅ የሚወጣውን ኢንዲጎ ሰማያዊ አሳይተዋል።

በጎንደር ዘመን የድርብርቡ አሠራር ከፍ ወዳለ ደረጃ ደረሰ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን አንደኛው የጎንደር ስልት ደማቅ ወጥ ቀለሞችን ባዶ በሆነ መደብ ላይ ሲያሳርፍ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተው ሁለተኛው ስልት ግን መደቡን ራሱን ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ እንዲሸጋገር ያደርጋል፤ ፊቶችን በጥላ ያድቦለቡላል፤ የሐር ልብሱን አበባ ሳይቀር ያሳያል። እቴጌይቱ በጣና ደሴት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ሥዕሎች የዚህ ስልት ጥሩ ምስክር ናቸው።

ከዐባይ ሸለቆ እስከ በሽሎ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚታሰበው በላይ ስፍራ አለው። ዐፄ በእደ ማርያም በተከሉት አትሮንሰ ማርያም፣ መርቆርዮስ ተብሎ ይጠራ የነበረው ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን ሕፃኑን ኢየሱስ በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ መሣሉ ብርቱ ቁጣ እንዳስነሣ ይነገራል፤ ግራ እጅ በአገሩ ሰው ዘንድ የክብር ወገን አልነበረምና። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ለሚያቆሙት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው ከጎንደር አድባራት የተሰበሰቡ 1,000 ያህል የብራና መጻሕፍትን አከማቹ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ቅርሱን ዘርፎ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው፤ 350 ያህሉ መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረው፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል በሙዚየሙ ተወካይ በሪቻርድ ሆምስ እጅ ገብቶ፣ ለሙዚየሙም ሳይሰጥ ቆይቶ፣ በ1917 በለንደን ተሽጧል። ሥዕሉ ራሱ የአውሮፓዊ ሠዓሊ ሥራ እንደሆነ ይታመናል፤ ይህ ግን የጎንደር ሠዓሊዎች ደጋግመው እንዳይገለብጡት አላገዳቸውም።

የመቅደላው ጦርነት ለጠረጴዛ ምስል ሠዓሊም የሚፈታተን ርዕስ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ የተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በመጀመሪያ የተጠቀመበት ሲሆን፣ ከኢትዮጵያውያኑ ወገን 700 ያህል ሰው ወድቋል። ባህላዊው የጦርነት ሥዕል፣ በተለይ ዐድዋን የሚያሳየው፣ ሁለቱን ጦር ፊት ለፊት አሰልፎ፣ የወገንን ፊት ከነሁለት ዓይኑ፣ የጠላትን በአንድ ዓይን በጎን ያሳያል፤ በጠረጴዛ ላይ የቆመ ምስል ግን ከየአቅጣጫው ስለሚታይ ይህን የመለያ ዘዴ አይቀበልም፤ ወገንና ጠላት የሚለየው በዋናነት በልብሱና በቀለሙ ነው።

የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች የለበሱት ካኪ ለድርብርብ አሠራር የተመቸ ነው፤ ወደ ጥላውም ወደ ብርሃኑም የሚሄድበት ሰፊ ቦታ አለው። የቴዎድሮስ ወታደር ነጭ ሸማ ግን ከነጭ በላይ የሚወጣበት ደረጃ ስለሌለው ከሁሉ ይከብዳል። ልምድ ያለው ሠዓሊ ሸማውን በነጭ አይጀምርም፤ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ክሬም ያዘነበለ መሠረት ቀብቶ፣ የእጥፋቱን ሥር ለአዲስ ልብስ በሰማያዊማ፣ አቧራ ለጠገበ የዘመቻ ልብስ በቡናማ ጥላ ይሞላና፣ ንጹሑን ነጭ ለትከሻውና ለእጥፋቱ አናት ብቻ ይቆጥበዋል። የባላባቱ ጃኖ ቀይ ጥለት የሚሰመረው ነጩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ቀይ አይበቃም፤ በእጥፋቱ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ጥቁር ቀይ፣ በአናቱ ላይ ሲያልፍ ወደ ብርቱካናማ ካልተለወጠ፣ ከሥሩ የተደከመበትን የነጭ ድርብርብ ሁሉ ጠፍጣፋ አድርጎ ያስቀረዋል።