ሳይቈረጥ ዋጋ ስለሚያወጣ ዛፍ፤ የሁምቦ ደን ታሪክና ለሹማምንት የሚሰጠው ምክር

ከጥንት ጀምሮ ዛፍ ዋጋ የሚያወጣው ሲቈረጥ ነው። ግንዱ ለቤት ምሰሶ፥ ቅርንጫፉ ለማገዶ፥ የቀረውም ለከሰል እየሆነ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ቆሞ የሚውለው ዛፍ ግን ጥላ ከመስጠት በቀር ለባለቤቱ ገንዘብ አያገባም ይባል ነበር። ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ ግን ዛፍ ሳይቈረጥ ስለ መቆሙ ዋጋ የሚከፈልበት ሥርዓት በዓለም መንግሥታት መካከል ተቋቁሟል። ይህ ሥርዓት በኢትዮጵያም ተሠርቶበት ስለ ታየ፥ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ የቀበሌ አስተዳዳሪዎችና የመሬት ባለይዞታዎች ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሊያውቁት ይገባል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የከሰል ድንጋይ፥ ቤንዚንና ናፍጣ ሲቃጠሉ፥ ደንም ተመንጥሮ ሲነድ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። ይህም ጋዝ የምድር ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይበተን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 280 እጅ ያህል የነበረው ጋዝ፥ በአሁኑ ዘመን ከ420 እጅ አልፏል፤ ስለዚህም የምድር ሙቀት ጨምሯል። ዛፍ ደግሞ ሲያድግ ይህን ጋዝ ከአየር ስቦ በግንዱ፥ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል። የደረቅ እንጨት ክብደት እኩሌታው ያህል ካርቦን ነውና፥ 1 ቶን ደረቅ እንጨት 1.8 ቶን ያህል ጋዝ ከአየር ወስዶ ይዟል ማለት ነው።

መንግሥታት ይህን ጋዝ ለመቀነስ ሦስት መንገድ ይዘዋል። የመጀመሪያው ግብር ነው፤ ለምሳሌ የስዊድን መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ነዳጅ በሚያወጣው ካርቦን ልክ ግብር ጣለ። ሁለተኛው ወሰን ማበጀት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፋብሪካዎች ሊያወጡት የሚችሉትን የጋዝ መጠን ወስኖ፥ ከወሰኑ በታች ያወጣ ትርፉን ላለፈው እንዲሸጥለት ፈቀደ። ሦስተኛው በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ የተደረገውና በየካቲት 1997 ዓ.ም. የጸናው ውል ያመጣው ነው። በዚህ ውል መሠረት ጋዝ የመቀነስ ግዴታ የገባ ባለጸጋ አገር፥ በድኻ አገር ለሚሠራ ሥራ ገንዘብ ከፍሎ የተቀነሰውን ጋዝ በራሱ ሒሳብ ሊያስቈጥር ይችላል። የሁምቦ ሥራ የመጣው በዚህ በሦስተኛው በር ነው።

ሁምቦ በወላይታ ያለ ወረዳ ነው። ተራራው በቀድሞ ጊዜ ደን የለበሰ ሲሆን፥ በ1960 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው ተመንጥሮ አልቆ ነበር። ከዚያም በኋላ የቀረው ለማገዶና ለከሰል እየተቈረጠ፥ ቡቃያው በከብት እየተጋጠ ተራራው ራቁቱን ቀረ። በ1999 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን የተባለው የተራድኦ ድርጅት ከአገሩ ሰዎችና ከመንግሥት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር መሬት፥ ይኸውም በቀድሞው ልክ 68 ጋሻ ያህል፥ ተከልሎ እንዲጠበቅ አደረገ።

የሥራው ጥበብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራልያዊ የእርሻ ሊቅ ቀድሞ በኒጀር አገር እንዳስፋፋው፥ የተቈረጠ ዛፍ ሥሩ አልሞተምና ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ከነዚህም መካከል ጠንካሮቹ ጥቂቶች ይመረጣሉ፥ ሌሎቹ ይገረዛሉ፥ ከብትና መጥረቢያም ይከለከላል። ሥሩ ከጥንት የቆየ ስለ ሆነ ውኃን ከጥልቅ ይስባል፤ ስለዚህም ከችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። በሁምቦ ከለማው መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ደን የለበሰው እንዲህ ከቀደመው ጉቶ ነው። የተገረዘው ጭራሮ ለማገዶ፥ የታጨደውም ሣር ለከብት ሆነ።

ደኑን የሚጠብቁ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በሕግ ተሰጣቸው። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በኪዮቶው ውል መዝገብ ገባ፤ ከአፍሪካ ታላላቅ የደን ሥራዎችም በዚህ መዝገብ የመጀመሪያው ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ጋዝ ከአየር ይወስዳል ተብሎ ተገመተ፤ ከዚህም 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ በተባለው ክፍሉ ከ726,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ሊገዛ ተዋዋለ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያም የ73,000 ቶን ያህል ማረጋገጫ ተሰጠ። ከተገኘው ገንዘብ የእህል ወፍጮና የእህል ጎተራን የመሰለ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ተሠራ።

ነገር ግን ሹም የሆነ ሰው የሰማውን ቍጥር ሁሉ በሒሳብ መመርመር ይገባዋል። 726,000 ዶላር ለ165,000 ቶን ሲካፈል የአንዱ ቶን ዋጋ 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ይኸው ገንዘብ ለ2,728 ሄክታርና ለ10 ዓመት ሲካፈል ደግሞ፥ ለአንድ ሄክታር በዓመት 27 ዶላር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ደን በመጠበቅ ብቻ ባለጸጋ ትሆናላችሁ ብሎ ለሕዝብ የሚናገር ሰው ሕዝብን ያታልላል። ዋናው ዋጋ አፈሩ በጎርፍ አለመታጠቡ፥ ሣሩና ማገዶው ነው፤ የውጭ አገር ገንዘብ ምርቃት ነው።

ሁለተኛም ተራራ ሲከለል የሚጐዳ ሰው መኖሩን መርሳት አይገባም። ከሰል አክስላ ወይም ጭራሮ ተሸክማ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ድኻ ሴት፥ ሁለት ላሞቹን በተራራው የሚያሰማራ ሰው፥ ክልከላው በታወጀበት ቀን እንጀራቸው ይቋረጣል። ክፍያው ግን የሚመጣው ዛፉ አድጎ፥ ተለክቶና በመርማሪ ከተረጋገጠ በኋላ ከዓመታት ቈይቶ ነው። ኪሳራው ዛሬ፥ ትርፉ ከዓመታት በኋላ ከሆነ፥ ኪሳራውም በድኾች፥ ትርፉ በማኅበሩ ሣጥን ከሆነ፥ በሌሊት መጥረቢያ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። እርሱን በዘበኛ ብቻ ለማገድ መሞከር ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደ ተባለው ነው። ከክልከላው በፊት የተጐጂዎቹን ስም መጻፍና የሣሩን ዕጣ፥ የጭራሮውንም ድርሻ አስቀድሞ ለእነርሱ መስጠት ይሻላል። አለዚያ መጥረቢያው ወደ ጎረቤት ተራራ ይሻገራል፤ በአንዱ የተቀነሰው ጋዝ በሌላው ከወጣ ለአየሩ ምንም አልተቀነሰለትም፥ የሒሳብ መርማሪዎችም ይህን ከክፍያው ላይ ይቀንሳሉ።

ሦስተኛም ደን ሊቃጠል ወይም ሊመነጠር ስለሚችል፥ በኪዮቶው ሥርዓት ለደን የሚሰጠው ማረጋገጫ ለጊዜው ብቻ የሚሠራና ዘመኑ ሲያልቅ የሚወድቅ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በዚህ ምክንያት የደን ማረጋገጫ በገበያው እንዲሸጥ አልፈቀደም፤ ገዢው ጥቂት፥ ዋጋውም ዝቅተኛ የሆነው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ከፋዩም ገንዘቡን ሰጠ ማለት የራሱን ጢስ አቆመ ማለት አይደለም፤ በከፈለበት ልክ ሌላው እንዲቀንስለት አደረገ እንጂ። ስለዚህ ደኑ ከጠፋ ሒሳቡ ሁሉ ሐሰት ይሆናል፤ ደኑን መጠበቅም ለአገር ጥቅም ብቻ ሳይሆን የተሸጠን ዕቃ በታማኝነት እንደ ማስረከብ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት፥ በዚያን ጊዜ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል የነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ ጋዝ እስከ አውሮፓ 2030 ዓመት ድረስ ከዚያ እንዳያልፍ አስቧል፤ ምንም ካልተደረገ ግን 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተገምቷል። አብዛኛው የሚወጣው ከከብት እርባታ፥ ከእርሻና ከደን መመንጠር ስለ ሆነ፥ ይህ ሐሳብ የሚፈጸመው ወይም የሚፈርሰው በወረዳና በቀበሌ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የተደረገው የፓሪስ ውልም አገሮች የቀነሱትን ጋዝ እርስ በርሳቸው የሚሸጡበትን መንገድ ከፍቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኦሮሚያ ደኖች ከዓለም ባንክ ጋር ለ4 ሚሊዮን ቶን እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ተፈርሟል። ይህም በቶን 10 ዶላር ነውና ዋጋው ከሁምቦው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ውል ወደ ወረዳው የሚመጣለት ሹም አራት ነገር ያስቀድም። መጀመሪያ ደኑ የማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ያስወስን፤ የደን አዋጅ ቍጥር 1065/2010 የግልን፥ የማኅበርን፥ የማኅበረሰብንና የመንግሥትን ደን ለይቶ ያውቃልና፥ መብቱ ሳይጻፍ ዛፉ ቢቈጠር ገንዘቡ ሲመጣ ጠብ ይነሣል። ሁለተኛ የክፍያውን ድልድል ከፊርማው በፊት በሕዝብ ጉባኤ ያስነብብ። ሦስተኛ ከሥራው በፊት የነበረው የመሬቱ ሁኔታ በትክክል እንዲለካ ያድርግ፤ ገዢው የሚከፍለው ለጨመረው ብቻ ነውና። አራተኛ የማኅበሩ ሒሳብ በየዓመቱ ተመርምሮ ለአባላቱ ሁሉ በይፋ እንዲነገር ያድርግ።

በሁምቦ የሆነው የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ሞተ የተባለው ጉቶ ሕይወት ነበረው፥ የጐደለውም የሰዎች ስምምነትና ጥበቃ ነበር። ሹሙ ሕዝቡ የሚያምነውን ውል ካቆመ፥ ተራራው ራሱን በራሱ ያለብሳል።