እንግዳው ሐኪም፣ ነባሩ ዕድር

የጥርስ ሕመም ሌሊት ይብሳል። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ሌሊት ጥርሱን የታመመ ሰው የሚያደርገው ሌላው አዲስ አበቤ ከሚያደርገው ብዙ አይለይም። ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቆ ይይዛል፣ አንዳንዱም አረቄ ይጉመጠመጣል። ሲነጋ ከፋርማሲ ማስታገሻ ይገዛል። ጥያቄው የሚመጣው ማስታገሻው አልሠራ ሲል ነው፦ ላስሞላው ወይስ ላስነቅለው? ማስሞላት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ምልልስም አለው፤ ማስነቀል በአንድ ቀን ያልቃል። የቀን ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና የከባድ መኪና ረዳት በሚበዛበት ክፍለ ከተማ ማስነቀል ቢያሸንፍ አያስገርምም። አንድ ቀን ከሥራ የቀረ ሰው የዚያን ቀን እንጀራ አጥቷልና።

አቃቂ የከተማዋ የደቡብ በር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በዚህ አልፏል፤ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች በዚህ ተተክለዋል። ጉምሩኩም፣ መናኸሪያውም፣ የቀላል ባቡሩ የደቡብ ማብቂያም ቃሊቲ ነው፤ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል። ከስምጥ ሸለቆው ወደ መዲናዋ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ነው። ከሆስፒታሎቹ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። ሆስፒታሉ በቻይና ርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ከወሰደቻቸው ሁለት ወርቆች ነው። የቻይና ሐኪሞች ቡድንም ይሠራበታል። ቻይና ከሄናን ክፍለ ሀገር ወደ ኢትዮጵያ ሐኪሞች መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ተራው ያለቀ ቡድን ሲሄድ ተተኪው ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍና የጥርስ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ወደ 3.5 ቢሊዮን ይጠጋሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ለ100,000 ሰው የሚደርሰው የጥርስ ሐኪም 3.3 ገደማ ነው። በኢትዮጵያ የጥርስ ሐኪም ለረዥም ዘመን ውጭ አገር ተልኮ ነበር የሚማረው፤ ጅማን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማር ከጀመሩ ገና ብዙ አልቆዩም። የሚመረቁትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ወደ ግል ክሊኒክ ይሳባሉ። የማኅበረሰብ ጤና መድኑ ሰው ሠራሽ ጥርስን እንደ ውበት ጉዳይ ቆጥሮ ከሽፋኑ አውጥቶታል። ፊት ለፊት ያሉ ጥርሶቿን ያጣች የሱቅ ሻጭ ግን ነገሩን እንደ ውበት ጉዳይ ታየዋለች ብዬ አላምንም።

በዚህ ክፍተት ነው የበጎ ፈቃድ ሐኪሙ የሚገባው። ለዚህች አገር እንግዳ ሐኪም አዲስ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን አክሟል፤ የተከለውም ሥራ ለኋለኛው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መሠረት ሆኗል። በ1951 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት ኮንትራት የመጡት አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ የፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቁመዋል፤ ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. ያረፉትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከውጭ ያለው ወገንም አልቦዘነም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዶክተር እናውጋው መሐሪ አሜሪካ ውስጥ ‹ፒፕል ቱ ፒፕል›ን አቋቁመዋል። በዚያው ዓመት በዲትሮይቱ የልብ ቀዶ ሐኪም በዶክተር እንግዳ አስፋው መሪነት የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ማኅበርም ቡድን እያዋቀረ ወደ አገር ቤት ሲልክ ቆይቷል።

የጥርስና የአፍ በጎ ፈቃደኞች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። በጣም የታወቀው ዓይነት የአንድ ሳምንት ዘመቻ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ቡድን ሻንጣውን በማደንዘዣ፣ በጓንትና በመንቀያ ጉጠት ሞልቶ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ወንበር ይዘረጋል፤ ሰልፉ ከንጋት ይጀምራል። የሚሠራው በአብዛኛው መንቀል ነው። ይህን ማናናቅ አይገባም። መግል የቋጠረ መንጋጋ ካልታከመ እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ወራት ሙሉ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲያኝክ የኖረ ሰውም ጥርሱ ተነቅሎለት በዚያው ሌሊት እንቅልፍ ያገኛል። ችግሩ ከሳምንቱ በኋላ ነው። ደሙ አልቆም ያለው፣ የጥርስ ስሩ ተሰብሮ የቀረበት፣ ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው ማንን ይጠይቅ? ቡድኑ አውሮፕላን ላይ ነው፤ ካርድ አልተወም፣ ካርድ ቢተውም በማያነቡት ቋንቋ ነው። መሣሪያው በትክክል መምከኑን የሚቆጣጠር ከሌለ ደግሞ የጉበት ቫይረስን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገርም አለ። የውጭ ባለሙያ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ የሚገባው መድኃኒትም እንዲፈተሽ ሲጠየቅ ‹ቢሮክራሲ› ብሎ የሚያማርር ብዙ ነው። እኔ ግን በዚህ ከመንግሥት ጎን ነኝ፤ በገዛ አገሩ ያለ ፈቃድ ጥርስ የማይነካ ሰው እዚህ ሲደርስ ፈቃድ የሚከብደው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው ዓይነት የቀዶ ሕክምና ቡድን ነው፤ በኢትዮጵያ እውነተኛ ታሪክ ያለውም እርሱ ነው። ኖማ የሚባለው በሽታ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ድድ ላይ እንደ ትንሽ ቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭና አጥንት ይበላል። ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። የተረፉት ፊታቸው ተበልቶ፣ አንዳንዶቹም መንጋጋቸው ተቆልፎ በጓዳ ይደበቃሉ። ‹ፌሲንግ አፍሪካ› የሚባል የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ቀዶ ሐኪሞችን አዲስ አበባ ድረስ እያመጣ ሲያክማቸው ቆይቷል፤ ‹ፕሮጀክት ሐረር› ደግሞ ከገጠር እየፈለገ ወደ ሕክምና ያደርሳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ ለሚወለዱ ሕፃናት ግን የካቲት 12ን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት በአብዛኛው የራሳችን ሐኪሞች ናቸው፤ ‹ስማይል ትሬን› የሚረዳው በገንዘብና በሥልጠና ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እንግዳው ቢቀር ሥራው አይቆምም።

ሦስተኛውን ዓይነት ለማየት ታንዛኒያ መሄድ ያስፈልጋል። ‹ብሪጅ ቱ ኤይድ› የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሐኪሞቹን የሚልከው ጥርስ ሊነቅሉ ሳይሆን፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ጤና መኮንኖች አስቸኳይ የጥርስ ሕመም እንዲያክሙ ሊያሠለጥኑ ነው። ስለዚህ ሞዴል ሳስብ ትዝ የሚለኝ የዐይን ሕክምና ነው።

የላየንስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1917 ቺካጎ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሔለን ኬለር አባላቱን ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ከጠየቀቻቸው ወዲህ ዐይን ዋና ሥራቸው ሆኗል። የኢትዮጵያ ላየንስ በዶክተር ጥበበ የማነ ብርሃን መሪነት ከካርተር ማዕከልና ከጤና ቢሮ ጋር ሆኖ በአማራ ክልል ትራኮማን ሲዋጋ ቆይቷል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዐይኑን ለሚቧጭረው ሰው ቀዶ ሕክምና የሚያደርግለት ብርቅ የዐይን ስፔሻሊስት አይደለም፤ የሠለጠነ ነርስ ነው፣ ያውም እዚያው ጤና ጣቢያ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየተባለ መድኃኒቱ በየቀበሌው በሚሊዮኖች ተሠራጭቷል። ይህም ዘመቻ ነው፤ ግን በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፣ የሚያካሂዱትም የቀበሌው ሰዎች ናቸው። ለዐይን የተደረገው ለጥርስ ለምን አልተደረገም? አንዱ ምክንያት ጥርስ እምብዛም አለመግደሉ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሁላችንም ‹ይነቀላል› በሚል መጽናናታችን ይመስለኛል።

ሮታሪም እንዲሁ በክለብ አቅም ምን ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1905 በፖል ሐሪስ የተጀመረው ይህ ማኅበር ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በጀመረው የፖሊዮ ዘመቻ አባላቱ የክትባት ጠብታ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ ያላየ የከተማችን ነዋሪ ጥቂት ነው። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ነው። ለአቃቂ የሚጠቅመው ግን የሮታሪ ፋውንዴሽን የገንዘብ ደንብ ነው። ዓለም አቀፍ ድጋፉን ለማግኘት የፕሮጀክቱ በጀት ቢያንስ 30,000 ዶላር መሆን አለበት፤ አንድ የውጭና አንድ የአገር ውስጥ ክለብ አብረው ማመልከት አለባቸው፤ የሕዝቡ ፍላጎት አስቀድሞ መጠናትና ሥራው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ እንደሚቀጥል መታየት አለበት። ስለዚህ የውጭው የጥርስ ሐኪም የፈለገውን ያህል ቢጓጓ፣ እዚህ የሚቀበለው ክለብ ከሌለ ገንዘቡ አይንቀሳቀስም። ሮታራክት (እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ) እና ኢንተራክት (እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ) የሚባሉት የወጣቶች ክንፎችም አሉ፤ ሰልፍ ለማስተናገድና ለማስተርጎም ከእነርሱ የተሻለ አይገኝም።

እውነቱን ለመናገር ግን የአቃቂ ዋናው ክለብ ዕድር ነው። ቀብር ለማስፈጸምና ድንኳን ለመትከል የተቋቋመው ዕድር በኤችአይቪ ክፉ ዘመን አልጋ ላይ የወደቁትን በየቤታቸው አስታሟል፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ተቀብሏል። መዝገብ አለው፣ ወርሐዊ መዋጮ አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ከሁሉም በላይ የትኛው ቤት ማን እንደታመመ ያውቃል። በክረምት የሠፈሩ ወጣቶች የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፤ ለበዓል ማዕድ ያጋራሉ። የጤና ተቋማትም በክረምቱ በጎ ፈቃድ ነፃ ምርመራ ይሰጣሉ። ስኳርና የደም ግፊት ይለካል፤ አፍን ከፍቶ ማየት ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ይህን ለመጨመር የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪና የእንጨት ምላስ መያዣ፣ እንዲሁም ወደየት እንደሚላክ የሚያውቅ አንድ ነርስ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት የምትዞረው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ የሳምንት እንግዳ አይደለችም።

ከውጭ የመጣ ሐኪም ብቻውን የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ከስምጥ ሸለቆ የመጡ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ፣ አንዳንዴም የተቆራረሰ ነው። ይህ የመፋቂያ ጉድለት ወይም የቡና ጥላሸት አይደለም፤ የውሃ ነው። በእሳተ ገሞራ አለት መካከል የሚያልፈው የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ አንዳንዱ ጉድጓድ በብዙ እጥፍ ያልፈዋል። በሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. የተመሠረተው የወንጂ ስኳር እርሻ በዚህ ነገር በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ሳይቀር ታውቋል፤ የእርሻው ልጆች ጥርሳቸው ሲበልዝ፣ ለረዥም ዓመታት የጠጡት ሠራተኞች ደግሞ አከርካሪያቸው ደርቋል። ለቡናማው ቀለም መነሻ የሆነው ጉዳት የሚደርሰው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲፈጠር ነው፤ ስለዚህ ቢያሳጥቡት አይለቅም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሲፈትግ ይውላል፣ ወይም ልጅቱን ‹ጥርስሽን አትፍቂም› ብሎ ያሳፍራታል። ‹ኦሮሚያ ሰልፍ ኼልፕ ኦርጋናይዜሽን› ከስዊዘርላንድ የምርምር ተቋም ኢዋግ ጋር ውሃውን በአጥንት ከሰል ለማጥለል የሞከረው ለዚህ ነው። ያም የጥርስ ሕክምና ነው፣ ወንበርና ጉጠት ባይኖረውም።

በየቤቱ የሚደርሰውን ጉዳትም ማንሳት ግድ ነው። ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ከድዱ ያበጠውን ገና ያልበቀለ የክራንቻ ጥርስ በስለት ማውጣትና እንጥል ማስቆረጥ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ የወረደ ልማድ ነው። ደም መፍሰስና ማመርቀዝ ብቻ ሳይሆን፣ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። ይህን የሚያስቆመው ለአንድ ሳምንት የሚመጣ ፈረንጅ አይደለም፤ አዋላጇና የሰንበቴው እናቶች ናቸው።

በመሣሪያ በኩል ደግሞ ነገሩ ከሚታሰበው ቀላል እየሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ በሆላንዳዊው ዮ ፍሬንከን የተጀመረ ዘዴ አለ፦ የተበላውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር መሙላት። መሰርሰሪያም መብራትም አይፈልግም፤ ብዙ ጊዜ መርፌም አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሕክምና ማለት ነው፤ ይህን ለአቃቂ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ግላስ አዮኖመርና ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለውን ፈሳሽ አስገብቷል። ፈሳሹ በብሩሽ ጫፍ ሲቀባ የጥርሱን መበላት ያቆማል፤ የሠለጠነ ነርስ በደቂቃ ትቀባዋለች። አንድ ጣጣ ግን አለው፤ የተቀባበትን ቦታ ለዘለቄታው ያጠቁረዋል። እናት ይህን ሳይነገራት ልጇ ቤት ጥቁር ጥርስ ይዞ ቢመጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያን ሰልፍ የሚሰለፍ አይኖርም። ስለዚህ አስቀድሞ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ጥርሱ በኋላ ምን እንደሚመስል ፎቶ እያሳየ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።