የደጋው ከረሜላ መለኪያ ብርጭቆ ውሃ ነው

ገና ሲቃረብ በመካነ ብርሃንም እንደ ሌላው የጃናሞራ ገበያ ሁሉ የልጆች ጣፋጭ ከሱቅ መደርደሪያ ይወርዳል። ከረሜላ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ደስታ ከረሜላ የትውልዶች ትዝታ ሆኗል። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን አንዳንድ ቤተሰብ ለገና ስኳሩን ራሱ አፍልቶ፣ የናና መዓዛ ጨምሮበት፣ በእጁ እየጎተተ ነጭ ከረሜላ ይሠራል። የሙያው ሥር ከዚያም ይርቃል፦ ፋርሶችና ዐረቦች በመካከለኛው ዘመን ፋኒድ የሚሉት ተጎትቶ የነጣ ስኳር ነበራቸው። ይህ ሙያ ለሰሜን ጎንደር ደጋ እንግዳ ቢሆንም የሚስማማ ነው እላለሁ። ሞክሮ የከሸፈበት ሰው ካለ ስኳሩንም እጁንም አይውቀስ፤ ጥፋቱ በባሕር ዳርቻ የተጻፈን መመሪያ እንዳለ ተራራ ላይ ማውጣት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ቶሎ ይፈላል፤ 2,133 ሜትር ላይ ባለችው ጎንደር በ93 ገደማ፣ 3,000 ሜትር በሚደርስ ደጋ በ90 ገደማ። የስኳር ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ የሚጨምረው ውሃው እየተነነ ስኳሩ ስለሚወፍር ነው። መመሪያው «127 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» ሲል፣ ከውሃ መፍያ በ27 ዲግሪ ሲበልጥ ማለቱ ነው። ያው ውፍረት በ3,000 ሜትር ላይ የሚገኘው በ117 ነው። እስከ 127 የጠበቀች ሴት የምታገኘው ቶሎ የሚደርቅ፣ ለመጎተት የሚያስቸግር ስኳር ነው። ታዲያ ቴርሞሜትር የሌለው የደጋ ቤት ምንም አልጎደለበትም። ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ይዞ ከድስቱ አንድ ጠብታ መጣል ይበቃል። ጠብታው በጣት ሲነካ ከተዘረጋ ገና ነው፤ ቅርጹን የያዘ ጠንካራ እንክብል ከሆነ ደርሷል፤ ቀጭን ክር ሆኖ ቀጭ ካለ አልፏል። ይህ ፈተና የሚለካው ስኳሩን ራሱን ስለሆነ ለከፍታ ምንም ሒሳብ አይፈልግም።

ለሁለት ኩባያ ስኳር ግማሽ ኩባያ ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይገባም፤ ኮምጣጣነቱ የስኳሩን ጥቂት ክፍል ስለሚሰባብረው መልሶ አሸዋ እንዳይሆን ይከላከላል። በዚሁ ምክንያት ከፈላ በኋላ አይማሰልም። የደረሰው ስኳር ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ሲሆን በዘይት በታሸ እጅ ይጎተታል፣ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይጎተታል። መስተዋት ይመስል የነበረው ስኳር የሚነጣው ቀለም ገብቶበት ሳይሆን በእያንዳንዱ እጥፋት ጥቃቅን አየር ስለሚቋጥር ነው። ናናው ግን ድስት ውስጥ መግባት የለበትም፤ መዓዛው ዘይት ነውና ከእንፋሎቱ ጋር ይጠፋል። ደርቆ የደቀቀና የተነፋ ቅጠል፣ መጎተቱ ሲጀመር ጥቂት ይነሰነስበት። ናና ለማይገኝበት ቤት ደጋው ጦስኝ አለው፤ ሻይን የሚያጣፍጥ ቅጠል ለከረሜላም ባዳ አይሆንም።

ብርዱ ስኳሩን ቶሎ ያደርቀዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ የሚጎተተው ከምድጃው አጠገብ ነው። የተሠራ ከረሜላ ዋና ጠላቱ ግን ብርድ ሳይሆን እርጥበት ነው፤ በክረምት ማግስት ለእንቁጣጣሽ ቢሠራ ይጣበቃል፣ በደረቁ የበጋ አየር ለገናና ለጥምቀት ቢሠራ ይቆያል። ባህላችን አይደለም ለሚሉ ደግሞ፣ ድፎ ዳቦውንም ጠላውንም የሚተካ ነገር አልመጣም። እንዲያውም ስኳር፣ ውሃ፣ ሎሚ፣ የኑግ ዘይትና ቅጠል ሁሉም የጾም ናቸውና ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ተሠርቶ ለታኅሣሥ 29 ሊደርስ ይችላል። ስኳር ጥርስን ይጎዳል የሚለው ተቃውሞ ግን መልስ የለውም፤ ለዚህ ነው የበዓል እንጂ የዘወትር መሆን የሌለበት፣ ከበሉም በኋላ መፋቂያ የማይቀረው። ከሁሉ የሚከብደው ቃጠሎው ነው። የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ ይልቅ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቀራል። ልጆች መቁረጡና በወረቀት መጠቅለሉ ላይ ይግቡ፤ ከድስቱ ግን ይራቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ በአንድ ኩባያ ስኳር ጀምሩ፤ እሳቱን ከማቀጣጠላችሁ በፊትም ቀዝቃዛውን ውሃ በብርጭቆ አጠገባችሁ አስቀምጡ።