ጨጓራን በሮማውያን ሥርዓት ስለ ማብሰል

ላም የነጨችው ሣር አስቀድሞ የሚወርድበት ትልቁ ጨጓራ፣ ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝና ቀንና ሌሊት የሚብላላ ሕያው ጋን ነው። በውስጡ የሚኖሩት ለዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት፣ ላሚቱ በራሷ ኃይል ልትፈጨው የማትችለውን የሣር ሴሉሎስ እያፈረሱ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ጨጓራውም በውስጠኛው ገጹ ላይ በበቀሉት እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ጉጦች አሲዱን እየመጠጠ ለደሟ ያቀብላል። ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን የሚኮማተርና የሚዘረጋ አካል በብርቱ ማሰሪያ ካልጸና ይቀደድ ነበርና፣ ተፈጥሮ ኮላጅን በሚባለው ፕሮቲን አጽንታዋለች። ጨጓራን ለጥርስ አስቸጋሪ ያደረገው ይህ ማሰሪያ ነው፤ በትዕግሥት ለሚያበስለው ሰው ከቀይ ሥጋ የማይገኘውን ልስላሴ የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ኮላጅን ሦስት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተገምደው የሚሠሩት ነገር ነው። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ወደ 70 ሲቃረብ ግምዱ መላላት ቢጀምርም፣ ጭረቱ በዚያው ጊዜ ስለሚሸበሸብ ጨጓራው አስቀድሞ ይኮማተራል፣ ይጠነክራልም፤ አብሳዩ ተስፋ ቆርጦ እሳቱን ለማባባስ የሚፈተነው በዚህ ሰዓት ነው። ድካሙ ግን ከንቱ ነው፤ ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ ወዲያ እሳቱ ምንም ቢንቦገቦግ የሚጨመረው እንፋሎት እንጂ ሙቀት አይደለምና። የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው፤ ድስቱ በቀስታ ሲንተከተክ በቆየ መጠን ሦስቱ ሰንሰለቶች እየተፈቱ ጄላቲን ይሆናሉ፣ ከመረቁም ጋር ይዋሐዳሉ። የእኛ የዱለት ባለሙያ ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ፈትታዋለች፤ እሷ ጨጓራውን እጅግ አድቅቃ ስትከትፍ፣ በሮማ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ሥራ ቢላዋዋ ይሠራዋል።

የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሮማ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ያላለች ከተማ በመሆኗ ውሃ በ100 ዲግሪ ገደማ ሲፈላባት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ በኢጣሊያ የምግብ መጽሐፍ የተጻፈው ሰዓት በእኛ ምድጃ አይበቃም። በዚያ አገር ጨጓራ አብዛኛውን ጊዜ ጸድቶና በከፊል ተቀቅሎ የሚሸጥ መሆኑም ሲታሰብ፣ ከጥሬው የሚነሣ ሰው ሦስትና አራት ሰዓት፣ እንስሳው ያረጀ እንደ ሆነም ከዚያ በላይ መጠበቅ ይኖርበታል። ክዳኑ ገጥሞ እንፋሎቱን የሚያፍን ድስት ያለው ሰው፣ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ስለሚያልፍለት፣ ብዙ ሰዓት ይተርፈዋል።

ይህን ምግብ ያከበሩት ድኾች ናቸው። በሮማ ቴስታቾ በሚባለው ሰፈር፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ተሠርቶ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 በቆየው ቄራ፣ ቆዳ ገፋፊዎቹ ከደመወዛቸው በከፊል የሆድ ዕቃውን ይቀበሉ ነበር፤ ምርጡ ሥጋ ወደ ጌቶች ማዕድ ሲሄድ ለእነርሱ የቀረውን ሚስቶቻቸውና የሰፈሩ ምግብ ቤቶች ወደ ጥበብ አደረሱት። ዛሬም በሮማ የጨጓራ ቀን ቅዳሜ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ጨጓራና የማር እንጀራ የሚመስለው ትንሹ ጨጓራ በጨውና በሆምጣጤ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከሰለሪ ጋር ቢላዋ ያለ ችግር እስኪዘልቀው ይቀቀላል፤ ከዚያም በጣት ስፋት ይቆረጣል። በወይራ ዘይት በተቁላላ ሽንኩርት ላይ ጨጓራው ይጨመራል፣ ጥቂት ነጭ ወይን ጠጅ ፈስሶበት እስኪተን ይጠበቃል፣ ቲማቲም ገብቶበትም በዝግታ እሳት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ጨጓራ በራሱ ጣዕሙ ለዘብ ያለ ስለሆነ፣ በቲማቲምና በቆየ አይብ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግሉታሜት ያስፈልገዋል፤ ሮማውያን ከበግ ወተት የሚሠራውን ፔኮሪኖ፣ የፍሎሬንስ ሰዎች ደግሞ ከላም ወተት የሚሠራውን ፓርሚጃኖ ይመርጣሉ። እኔ ፔኮሪኖውን እመርጣለሁ፤ የጨጓራን ሽታ የሚቋቋም ኃይል ያለው እርሱ ነውና፤ ነገር ግን ጨዋማ ስለሆነ በወጡ ላይ አስቀድሞ ጨው ማብዛት አይገባም። አይብ በፈላ መረቅ ውስጥ ስለሚጓጉል፣ ሮማውያን በዚህ ምግብ ላይ የሚጨምሩት የናና መዓዛም በእንፋሎት ስለሚበንን፣ ሁለቱም የሚጨመሩት ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።