የቆየ ድንጋይ ለግቢያችሁ ስትመርጡ

አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ላይ ለግቢ የቆየ ሐውልት የምትፈልጉ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። «ከገጠር የተነቀለ ትክል ድንጋይ ነው» ከተባላችሁ አትንኩት። ለምሳሌ ሰይፍ የተቀረጸባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት ክልክል ነው። እኔ የምመርጠው የአያት የድንጋይ ወፍጮን ወይም ዛሬ ያሉ ጠራቢዎች የሠሩትን ነው።

ትልቁ ጣጣ ግን ጥቁር አፈራችን ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ በቀጥታ የቆመ ድንጋይ ከጊዜ በኋላ ያዘነብላል። አፈሩን ቆፍራችሁ አውጡ፣ ገረጋንቲ ሞልታችሁ በደንብ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ፌሮ ያለው አርማታ ሙሉ። የዝናብ ውኃ ከሥሩ እንዳይተኛ መውረጃ አብጁለት። ረጅም ከሆነ ከመሠረቱ ጋር በብረት ይታሰር፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ቅርጹ ጎልቶ የሚወጣው የጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው ነው። ከበስተኋላው ጽድ ካለ ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ለአንድ ግቢ አንድ ይበቃል። ሽበት ቢያወጣ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት፤ አሲድ በፍጹም አታስነኩት።